የደረት ራጅና ኤአይ፦ መጀመሪያ ማን ይየው?

ጥያቄው ኮምቦልቻ ከሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪም የቀረበ ነው፦ «ክሊኒካችን ዲጂታል ራጅ ከነኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሶፍትዌሩ አስገብቷል። ምስሉ ሲከፈት ከ0 እስከ 100 የሆነ የቲቢ ጥርጣሬ ቁጥርና በሳንባው ላይ ቀይ ምልክት አብሮ ይመጣል። ራዲዮሎጂስት (የራጅ ምስል አንባቢ ስፔሻሊስት) የለንም፤ የሚያጠራጥረንን ወደ ደሴ እንልካለን። አንዱ ባልደረባዬ ‹ከእኛ ይሻላል፣ እሱን እንመን› ይላል። ሌላው ‹ዓይናችንን እያሰነፈው ነው፣ ይጥፋ› ይላል። ጥናቶች ምን ያሳያሉ? በተግባርስ እንዴት ብንጠቀምበት ይሻላል?»

ምላሽ

ሁለቱም ባልደረቦችዎ እውነት ይዘዋል። የሚከራከሩት ግን ስለ ማሽኑ ብቃት ነው፤ ችግሩ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ኤአይ ምስል ለሚያነብ ሐኪም ይጥቀም ወይም ይጉዳ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ውጤቱ የሚታይበት ሰዓት ነው። ሐኪሙ የራሱን ንባብ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ከታየ ሁለተኛ ዓይን ይሆናል። ቀድሞ ወይም አብሮ ከታየ ግን የሐኪሙን ዓይን እየመራ ይወስደዋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የምንለው ሁለቱ በየራሳቸው ሲያዩ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰምቶ «እኔም እንደዚያው» ካለ ምስሉን ያየው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ «አብሮ ይመጣል» የሚለው ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በጀርመን አገር የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 27 ራዲዮሎጂስቶች 50 የጡት ራጅ ምስሎችን አነበቡ። ከእያንዳንዱ ምስል ጋር «ኤአይ የሰጠው ነው» የተባለ ደረጃ ይታያቸው ነበር፤ በከፊሎቹ ላይ ደረጃው ሆን ተብሎ የተሳሳተ ነው። ጥቆማው ትክክል ሲሆን ጀማሪውም አንጋፋውም ከመቶ 80 ያህሉን በትክክል አነበበ። ጥቆማው ሲሳሳት ጀማሪዎቹ ወደ 20 ከመቶ ወረዱ፤ መካከለኛ ልምድ ያላቸው ወደ 25፤ አንጋፋዎቹ ወደ 46። አንጋፋዎቹ የተሻለ ቢቋቋሙም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስተዋል። «እኔ ልምድ ስላለኝ አይነካኝም» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የለም።

በሌላ ጥናት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው፣ 140 ራዲዮሎጂስቶች በ15 የደረት ራጅ ግኝቶች ላይ ከኤአይ ጋርና ያለ ኤአይ ተፈተኑ። አንዳንዱ ተሻሻለ፣ አንዳንዱ ባለበት ቀረ፣ አንዳንዱም ባሰበት። ኤአይ ማንን እንደሚጠቅም ለመገመት የአገልግሎት ዘመንም፣ በደረት ራጅ ላይ ልዩ ሥልጠና መውሰድም፣ ከዚህ በፊት ኤአይ መጠቀምም አስተማማኝ ምልክት አልሆኑም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው፦ የሌላ አገር አማካይ ውጤት ስለ እርስዎ ክሊኒክ አይነግርም፤ የራሳችሁን መመዝገብ አለባችሁ። ወደ መዝገቡ በኋላ እመለሳለሁ።

«ቀዩ ምልክት የት እንዳየ ስለሚያሳየን ስህተቱን እንለየዋለን» የሚል እምነት በብዙ ሐኪሞች ዘንድ አለ። ይህም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በ457 የሕክምና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ጥናት ያለ ኤአይ የነበረው ትክክለኛነት 73 ከመቶ ነበር። ደህና ኤአይ ሲሰጣቸው በ2.9 ነጥብ ጨመረ። ሆን ተብሎ የተዛባ ኤአይ ሲሰጣቸው በ11.3 ነጥብ ወረደ። የተዛባው ኤአይ በምስሉ ላይ የት እንዳተኮረ የሚያሳይ ምልክት ቢጨመርበትም ይህ ነው የሚባል መዳን አልመጣም። ቀለሙ የሚነግረን ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ያወጣው ከየትኛው አካባቢ እንደሆነ ነው፤ ለምን እንዳወጣው አይነግርም፤ የበሽታውንም ድንበር አያሰምርም። ቀዩ የሳንባ ጫፍ ላይ ስላረፈ ብቻ «ጫፉ ላይ ካቪቲ አለ» (በሽታው የቦረቦረው ክፍተት) ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው።

አሁን በንባብ ሰዓት ዓይን ላይ ምን እንደሚደርስ እንይ፤ ለመከላከል የሚረዳው ይህን ማወቅ ነው።

አንደኛው ማሽኑ ያለውን አብሮ ማለት ነው፦ ጥላ የሌለበትን ጥላ አድርጎ ማየት። ይህ የሚያስከትለው ተጨማሪ የአክታ ምርመራ፣ ተጨማሪ ሲቲ ስካን፣ አንዳንዴም ሳያስፈልግ የተጀመረ የቲቢ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፦ ማሽኑ ዝም ስላለ ዝም ማለት። ቁጥሩ 8 ሲሆን ዓይን ፍለጋውን ያቆማል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይወራለት ነው፦ ማሽኑ በትክክል አንድ ነገር ያገኛል፣ እኛም እሱን አይተን እንረካለን፣ ቀሪውን ምስል ሳናየው እንዘጋዋለን። በቀኝ ጫፍ ላይ ቀይ ሳጥን ሲኖር ከልብ ጀርባ ያለው ክብ ጥላ፣ በግራ ያለው ቀጭን ኒሞቶራክስ (ከሳንባው ውጭ በደረት ውስጥ የገባ አየር)፣ የተሰበረው የጎድን አጥንት አብረው ያልፋሉ። ይህ ኤአይ ሳይመጣም የነበረ የሰው ዓይን ድክመት ነው፤ ሳጥኑ ግን ያባብሰዋል። አራተኛው ተቃራኒው ነው፦ ሶፍትዌሩ በሐሰት ደጋግሞ ስለሚጮህ ሐኪሙ ይሰለቸውና እውነተኛውንም ጩኸት ያልፈዋል። «ይጥፋ» ያሉት ባልደረባዎ ምናልባት እዚህ ደረጃ ደርሰው ይሆናል፤ መፍትሔው ከማጥፋት በፊት መነሻ ነጥቡን (ከየትኛው ቁጥር በላይ እንደሚጠረጥር) ማስተካከል ነው።

የዓይን መስነፍ ስጋትም መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፖላንድ የወጣ ጥናት በአራት ማዕከላት የትልቁን አንጀት በኢንዶስኮፒ የሚመረምሩ ሐኪሞችን ተመለከተ። ኤአይ ከመግባቱ በፊት ቅድመ ካንሰር እብጠት ያገኙ የነበረው በ28.4 ከመቶ ምርመራዎች ነበር። ኤአይን ከለመዱ በኋላ፣ ኤአይ በሌለበት ሲመረምሩ፣ ወደ 22.4 ወረደ። ጥናቱ የተገኘ መረጃን ወደ ኋላ ተመልሶ ያየ ስለሆነ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ምርመራውም ራጅ አይደለም። ቢሆንም መብራት ሲጠፋ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያለ ማሽን የሚያነብ ሐኪም ባለበት ከተማ ይህ ችላ የሚባል አይደለም።

በሌላ በኩል «ይጥፋ» ለማለት የሚያስቸኩል ነገርም የለም። በስዊድን በ80 ሺህ ያህል ሴቶች ላይ የተደረገው ትልቅ የጡት ራጅ ምርመራ በኤአይ የታገዘው ቡድን ከ1,000 ሴቶች በ6.1 ላይ ካንሰር ሲያገኝ፣ በተለመደው መንገድ የተነበበው በ5.1 ላይ አገኘ፤ የንባብ ሥራውም በ44 ከመቶ ቀነሰ። ይህ የሆነው ግን ማሽኑ ከሐኪሞቹ አጠገብ ስለተቀመጠ አይደለም። አሠራሩ አብሮ ተቀይሯል፦ ማሽኑ ከ1 እስከ 9 የሰጣቸውን አንድ ሐኪም፣ 10 የሰጣቸውን ሁለት ሐኪሞች እንዲያነቡ ተደረገ። ማሽኑ የጠቀመው የባለሙያ ዓይን የት መብዛት እንዳለበት ለማመልከት ነው ማለት ነው። አሠራሩ ሳይቀየር ሶፍትዌር ብቻ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ደግሞ የቀድሞው ትውልድ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአሜሪካ የጡት ራጅ ላይ ምልክት የሚያደርግ ኮምፒውተር ተሰራጨ። በ2007 የታተመው የ43 ተቋማት ጥናት ጤነኛን ጤነኛ የማለት ብቃት ከ90.2 ወደ 87.2 ከመቶ እንደወረደ፣ የናሙና መውሰድ በ20 ከመቶ ያህል እንደጨመረ፣ የሚገኘው ካንሰር ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንዳልጨመረ አሳየ። ገንዘብ ወጥቶበት፣ ብዙ ሴት ተጨንቃበት።

ወደ እርስዎ ክሊኒክ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በዲጂታል የደረት ራጅ ላይ ቲቢን ለመለየት በሰው ንባብ ፈንታ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር መጠቀም እንደሚቻል ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ምክረ ሐሳቡ አልተሰጠም፤ ስለዚህ የልጅ ራጅ ላይ ቁጥር ቢመጣም አይጠቀሙበት። ደግሞም ሥራው ማጣራት ነው፤ ማረጋገጫው አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርሙን ዘረ መል በሚፈልግ መሣሪያ) ሲታይ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 60 ማለት ቲቢ የመሆን ዕድሉ 60 ከመቶ ነው ማለት አይደለም። ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ የሶፍትዌር እትም ወደ ሌላውም ትርጉሙ ይለያያል። ከየት በላይ «ይመርመር» እንደሚባል የሚወስነው መነሻ ነጥብ በአካባቢው መለካት አለበት። አቅራቢው ያስቀመጠውን እንዳለ መቀበል ልክ አይደለም።

አንድ ሒሳብ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። ሶፍትዌሩ ከ100 ቲቢ ያለባቸው 90ውን ያገኛል፣ ከ100 ጤነኞች 70ውን በትክክል ጤነኛ ይላል እንበል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለማጣሪያ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ግብ ይኸው ነበር። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለቅድመ ቅጥር ምርመራ 1,000 ወጣቶች መጡ፣ ከእነሱ ውስጥ 10ሩ ቲቢ አለባቸው። ማሽኑ 9ኙን ያገኛል፤ ከ990 ጤነኞች ደግሞ 297ቱን ይጠረጥራል። በአጠቃላይ 306 ሰው «ተጠርጣሪ» ይባላል፣ ቲቢ ያለበት ግን ከ100 ተጠርጣሪ 3ቱ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲያስላቸው የቆዩ 1,000 ሕሙማን በተመላላሽ ክፍል መጡ፣ 100ው ቲቢ አለባቸው። ማሽኑ 90ውን ያገኛል፣ 270 ጤነኞችን ይጠረጥራል፤ ከ4 ተጠርጣሪ 1ዱ እውነት ነው። «ጤነኛ» ከተባሉት ውስጥ ደግሞ በፋብሪካው ወጣቶች ከ694 አንድ ሰው ሲያመልጥ፣ በሚያስላቸው ሕሙማን ከ64 አንድ ያመልጣል።

ከዚህ ሁለት የአሠራር ደንብ ይወጣል። የሚያስለው፣ የሚያልበው፣ የከሳው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻ አክታ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ አይሂድ። ኤችአይቪ በደሙ ያለና መከላከያው የወረደ ሕመምተኛ ከሆነ በተለይ፤ ቲቢው ጫፍ ላይ ካቪቲ ሳይሠራ በታችኛው ሳንባ፣ በእጢ ወይም በውሃ መልክ ሊመጣ ይችላል፤ ራጁ ጭራሽ ጤነኛ ሊመስልም ይችላል። ሁለተኛው ደንብ ስለ ቀጣሪዎች ነው። ቁጥሩን ወይም «ኤአይ ጠርጥሮታል» የሚለውን ቃል ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል አይስጡ። ከመቶ ተጠርጣሪ 97ቱ ቲቢ በሌለበት ሁኔታ አንዲት ልጅ በማሽን ቁጥር ምክንያት ሥራ ብታጣ ይህ ግፍ ነው። ለእሷ የሚሰጣት የአክታ ምርመራ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከምስሉ ጥራት ነው፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ የተበላሸ ምስል ላይም ሳያቅማማ ቁጥር ይሰጣል። ትንፋሹ በደንብ ተስቧል ወይ፦ ከዲያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ከፊት 5 ወይም 6፣ ከኋላ 9 ወይም 10 የጎድን አጥንት ይቆጠር። ሰውየው ዞሯል ወይ፦ የሁለቱ ክላቪክሎች (ከአንገት ሥር ያሉት አግዳሚ አጥንቶች) ውስጠኛ ጫፎች ከአከርካሪው መሀል እኩል ይራቁ። ስካፑላዎቹ (ከትከሻ ጀርባ ያሉት ሰፋፊ አጥንቶች) ከሳንባው ወጥተዋል ወይ። ምስሉ ከኋላ ወደ ፊት የተነሣ ነው ወይስ በአልጋ ላይ ከፊት ወደ ኋላ፤ በአልጋ የተነሣ ልብን ያሳብጣል።

ከዚህ ጋር በእኛ አካባቢ በተለይ መታየት ያለበት ነገር አለ። ወፍራም ሹሩባ አንገት ላይ ወርዶ ሲነሣ በሳንባው ጫፍ ላይ ቁልቁል የወረደ ደብዛዛ ጥላ ይሠራል፤ ልክ ቲቢ የሚወደው ቦታ ላይ። ሶፍትዌሩ ፀጉር ነው ብሎ ላያልፈው፣ ቀይ ሊያደርገው ይችላል። መለያው ጥላውን ወደ ላይ መከተል ነው፦ ከክላቪክል አልፎ በአንገቱ ሥጋ ላይ ከቀጠለ የሳንባ አይደለም። ፀጉሩ ወደ ላይ ይታሰርና ይደገም። የማተብ መስቀል በጉልህ ስለሚታይ አያታልልም፤ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ግን ጥግ ያለው ደብዛዛ ጥላ ሊሰጥ ይችላል። ክታቡን ለማውጣት የሚያመነታ ሰው ስለሚኖር ራዲዮግራፈሩ (ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ) በአክብሮት ጠይቆ፣ ቢያንስ ከደረቱ ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አዙሮ ያንሣ። የጡት ጫፍ ጥላም በታችኛው ሳንባ እንደ ክብ እብጠት ሊመስል ይችላል፤ በሁለቱም በኩል በተመሳሳይ ከፍታ ካለ ይጠርጥሩት፣ ካላመኑት ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ለጥፎ ማስደገም ይለየዋል። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር 0.02 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ የተበላሸን ምስል ከመተርጎም መድገም ይሻላል።

ቀጥሎ ሐኪሙ ቁጥሩ ሳይታይ ምስሉን ያንብብ። ለአንድ ራጅ አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው፤ ግን በአንድ የታወቀ መንገድ ይሁን። ከሁሉም በላይ ተደጋግመው የሚታለፉት አራት ቦታዎች ናቸው፦ ከክላቪክል በስተጀርባ ያሉት ጫፎች፣ ሃይለሞቹ (የደም ሥሮችና የአየር ቧንቧዎች ወደ ሳንባ የሚገቡበት ቦታ)፣ ከልብ ጀርባ ያለው፣ ከዲያፍራም ሥር የሚወርደው ሳንባ። ከዚያ አጥንቶቹና የደረት ግድግዳው። ሲጨርሱ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ጤነኛ»፣ «ቲቢ ያጠራጥራል፣ ቀኝ ጫፍ»፣ «ሌላ፣ የልብ መስፋት»። በአእምሮ መያዝ አይበቃም። ቁጥሩን ካዩ በኋላ «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» ማለት ከሰው ልጅ ባሕርይ ነው፤ የተጻፈ ግን አይለወጥም።

ቁጥሩን ለመደበቅ ሦስት መንገድ አለ። የተሻለው አቅራቢውን ጠይቆ ምልክቱ በራሱ እንዳይወጣ፣ ሲጫኑት ብቻ እንዲታይ ማድረግ ነው። የኤአይ ውጤት ብዙውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ ምስል ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚከፈተው ጥሬው ምስል እንዲሆን የማሳያውን አቀማመጥ ማስተካከል ይቻላል። ይህ ካልሆነ ጥሬውን ምስል በራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ። እሱም ካልተመቸ ራዲዮግራፈሩ ቁጥሩን በወረቀት ይዞ፣ ሐኪሙ አንዱን መስመር ሲጽፍ ይስጥ። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ይኑር፦ ሶፍትዌሩ ኒሞቶራክስ ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር ካሳየ ራዲዮግራፈሩ ወዲያው ይደውል፤ እዚያ ላይ ከንባብ ነፃነት ይልቅ ደቂቃዋ ትበልጣለች። ትንፋሽ ያጠራትና የደም ግፊቷ የወረደ ሕመምተኛ ላይ ግን ራጅ እስኪነሣ ተብሎ ሕክምናው መዘግየት የለበትም።

ሁለቱ ንባቦች ከተስማሙ ነገሩ ቀላል ነው። ሥራው ያለው ሲለያዩ ነው።

ማሽኑ አይቶ እርስዎ ካላዩ፣ ቀለሙን አጥፍተው ወደ ጥሬው ምስል ይመለሱ። ብርሃንና ንፅፅሩን ቀይረው፣ ተቃራኒውን ሳንባ በተመሳሳይ ከፍታ አነጻጽረው ይዩ። የጎድን አጥንት መደራረብ ነው? ሹሩባ ነው? የቆየ ጠባሳ ነው? ቀደም ሲል ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባው ተጎትቶ፣ ኖራ የመሰለ ነጠብጣብ ይዞ ይቀራል፤ ሶፍትዌሮች በእንዲህ ዓይነቱና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በሐሰት መጠርጠር ያበዛሉ። የድሮ ራጅ ካለ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሳይለወጥ ዓመታት የቆየ ጥላ ሌላ ትርጉም አለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልታየዎት፣ ምልክት ያለበት ሰው ከሆነ አክታ ይላኩ፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ያላዩትን ጥላ አይጻፉ።

እርስዎ አይተው ማሽኑ ዝም ካለ፣ ንባብዎን አይሰርዙ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ሶፍትዌር ያየሁትን ነገር እንዲፈልግ ተሠርቷል ወይ?» የሚለው ነው። ለቲቢ የተዘጋጀ ሶፍትዌር የተሰበረ የጎድን አጥንት፣ በአጥንት ላይ ያለ ካንሰር፣ ከዲያፍራም ሥር የተጠራቀመ አየር ላይናገር ይችላል። ዝምታው «የለም» ማለት አይደለም፤ አልተጠየቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌራችሁ የሚፈልጋቸውን ግኝቶች ዝርዝር ከአቅራቢው ተቀብላችሁ አትማችሁ ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ፤ ከሁሉም ምክሬ ርካሹ ይህ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ ነገር ሆኖ ማሽኑ ካላየው ደግሞ ምስሉን ወደ ደሴ ይላኩ።

ማሽኑ የሚሳሳትበት ሌላ ምክንያት የተማረበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የሳንባ ምች ለማየት የሠለጠነ ሶፍትዌር በሌላ ሆስፒታል ምስል ላይ ሲሞከር ብቃቱ እንደሚወርድ አሳይቷል፤ በተጨማሪም ሶፍትዌሩ ምስሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት ይለይ ነበር። ማለትም ከበሽታው ይልቅ የማሽኑን፣ የክፍሉን አሻራ ተከትሎ መገመት ይችላል። ለዓመታት በማገዶ ጭስ የኖረች እናት ወይም በጥጥ ብናኝ መሀል የሠራ ሰው ሳንባ በሥልጠናው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ አቅራቢውን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን መዝገቡ። አንድ ደብተር ወይም የኤክሴል ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የምስሉ ጥራት፣ ከማሽኑ በፊት የተጻፈው ንባብ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የመጨረሻ ውሳኔ፣ የጂን ኤክስፐርት ውጤት። በወሩ መጨረሻ የተለያያችሁባቸውን መስመሮች ብቻ አውጡ። ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ ሐሳባችሁን ስንት ጊዜ ወደ ማሽኑ ለወጣችሁ? ከለወጣችሁት ውስጥ ስንቱ ልክ ሆነ? በሦስት ወር ውስጥ በተለያያችሁ ቁጥር ሁሌም ለማሽኑ የለቀቀ ሐኪም ካለ እያነበበ አይደለም፤ እየፈረመ ነው። ሁሌም ማሽኑን የሚጥል ካለ ደግሞ ክሊኒኩ ገንዘቡን ለከንቱ እያወጣ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አክታ የምትልኩት ቁጥሩ ከፍ ያለውን ብቻ ከሆነ ማሽኑ ያመለጠውን በጭራሽ አታውቁትም፣ ማሽኑም ፍጹም መስሎ ይታያችኋል። የሚያስለው ሁሉ ቁጥሩ ምንም ይሁን አክታ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ይስተካከላል።

መዝገቡ ጥቂት ወራት ሲሞላው መነሻ ነጥባችሁን ታወጣላችሁ። አክታቸው የታየላቸውን 100 ወይም 200 ምስሎች ወስዳችሁ በ40፣ በ50፣ በ60 ላይ ስንት ቲቢ እንደሚያመልጥና ስንት ካርትሪጅ (ጂን ኤክስፐርት ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚፈጀው ዕቃ) እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ካርትሪጅ ሲያጥር መነሻውን ከፍ ማድረግ የብዙዎች ፈተና ነው፤ ይህን ስታደርጉ የሚያመልጡትን ሰዎች ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ውሳኔው ግልጽ ይሁን። ከእነዚህም 50 ያህሉን ለይታችሁ አስቀምጡ። አቅራቢው ሶፍትዌሩን ባደሰ ቁጥር እነሱኑ መልሳችሁ አስነብቡ፤ ቁጥሮቹ ከተንቀሳቀሱ የድሮው መነሻ ነጥብ አያገለግልም። እድሳት ከመደረጉ በፊት እንዲነገራችሁ በውሉ ላይ ይግባ።

ለዓይን ጥበቃ በሳምንት አንድ ቀን ያለ ማሽን ማንበብ ይበቃል፣ የዚያን ቀን ምስሎች ማታ ወይም በማግስቱ ከማሽኑ ጋር ይነጻጸራሉ። በልምምድ ተማሪዎችና ኢንተርኖች ላይ ግን ጥብቅ ነኝ፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ይምጡ ከሌላ፣ የራሳቸውን ንባብ በጽሑፍ ሳይሰጡ ቁጥሩ አይታያቸው። ጤነኛውን ሳንባ በብዛት ያላየ ዓይን ታማሚውን የሚለይበት መነሻ የለውም፤ ይህ የሚገነባው በነዚያ ዓመታት ብቻ ነው።

ምስሉ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የሚላክ ከሆነ አስተዳደራችሁ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አይቶ ከአቅራቢው ጋር ይነጋገር። በአዋጁ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ውጤቱ የሚዘገይ ከሆነም ሕመምተኛውን አታስጠብቁት፤ በራሳችሁ ንባብ ቀጥሉ፣ የዘገየው ቁጥር ከተለየ በስልክ ጥሩት።

በመጨረሻ ወደ ደሴ ስለመላክ። በቴሌግራም የሚላከው የስክሪን ፎቶ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ፣ የስክሪን ፎቶም ብርሃንና ንፅፅሩ ስለማይቀየር ቀጫጭኑ ነገር፣ ለምሳሌ የኒሞቶራክስ መስመር፣ ይጠፋል። ሁለተኛ ቀዩ ምልክት አብሮ ስለሚሄድ የደሴው ራዲዮሎጂስት እናንተ በወደቃችሁበት ጉድጓድ ይወድቃል፤ ገለልተኛ አስተያየት ፈልጋችሁ የማሽኑን ማረጋገጫ ትቀበላላችሁ። ዲኮሙን (የራጁን ሙሉ ዲጂታል ፋይል) ስምና ካርድ ቁጥር አውጥታችሁ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ምልክት የሌለበትን ላኩ። አብሮ የሚሄደው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሳሉ ቆይታ፣ ከዚህ በፊት ቲቢ መታከም አለመታከሙ፣ የኤችአይቪ ሁኔታ፣ ምስሉ ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ የተነሣ፣ እና የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። የእናንተን ንባብና የማሽኑን ቁጥር መልሳቸው ከደረሳችሁ በኋላ በሌላ መልእክት ላኩላቸው፤ ሦስቱም በመዝገባችሁ አንድ መስመር ላይ ይግቡ።